የሆነን ነገር እንዴት እንጽፋለን?

ታሪክ መናገር የማያውቅ ገበሬ የለም። አውድማ ላይ፣ ቡና ሲፈላ፣ ከገበያ መልስ መንገድ ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ሁላችንም እንተርካለን። ጅብ በረቱን የሰበረበት ሰው ወሬውን ሲያወራ ጅቡን እኛም ያየነው ይመስለናል። ልጆችም ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው «ተረት ተረት» ሲባሉ «የላም በረት» ብለው ይመልሱና ጆሯቸውን ያቆማሉ። ይህን ሁሉ ማንም በትምህርት ቤት አላስተማረንም።

ታዲያ ያው ሰው እርሳስ ይዞ ደብተር ፊት ሲቀመጥ ምን ይሆናል? ምላሱ እንደ ተያዘ ሰው ይሆናል። አንድ ሰዓት ቆይቶ አራት መስመር ይጽፋል። አራቱን መስመር ደግሞ ከራሱ በቀር የሚረዳው አይገኝም። ፊደል አጥቶ አይደለም፤ ፊደሉንማ ቆጥሯል። የጎደለው ሌላ ነገር ነው።

ፊት ለፊት ስንናገር አድማጩ ያግዘናል። «ማነው ያልከው?» «የት ላይ?» «ከዚያስ?» እያለ ይጠይቀናል። ባይጠይቅ እንኳ ያልገባው መሆኑን ፊቱ ይነግረናል። እኛም በእጃችን እናሳያለን፤ ድምፃችንን ከፍ ዝቅ እናደርጋለን። ወረቀት ይህ ሁሉ የለውም። ወረቀት የሚነበበው ብዙውን ጊዜ እኛ በሌለንበት ነው። አንባቢው «የት ላይ?» ቢል መልስ የሚሰጠው የለም። ስለዚህ ታሪክ የሚጽፍ ሰው አድማጭ ሊጠይቀው የሚችለውን ሁሉ አስቀድሞ ራሱን መጠየቅ፣ መልሱንም ወረቀቱ ላይ ማኖር አለበት። ስለ ትረካ አጻጻፍ ከምንማረው ሁሉ ዋናው ይኸው ነው። የቀረው ከዚህ የሚወጣ ነው።

ነገሩ እንዲገባን አንድ የሆነ ታሪክ ልንገራችሁ።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተጀመረ በኋላ፣ ፊደል የቆጠሩ ሰዎች ትምህርቱ እንዳይጠፋባቸው ድኅረ መሠረተ ትምህርት ይሰጥ ነበር። እኔም በ1975 ዓ.ም. በአንድ የደጋ ቀበሌ አስተምር ነበር። ከተማሪዎቼ አንዱ ዕድሜያቸው ሃምሳ የሚጠጋ ገበሬ ነበሩ። አንድ በሬ ብቻ ነበራቸው፤ ስሙ ዳለቻ። ጎረቤታቸውም እንዲሁ አንድ በሬ ነበራቸው፤ ስሙ ቡሬ። መቼም በአንድ በሬ አይታረስም። ስለዚህ ሁለቱ ጎረቤታሞች መቀናጆ ገብተው አንድ ቀን የአንዱን፣ በማግሥቱ የሌላውን ማሳ ያርሱ ነበር።

ሰኔ ላይ፣ ተራው የተማሪዬ በሆነበት ቀን፣ ቡሬ ቦረቦር ውስጥ ወድቆ የፊት እግሩ ተሰበረ። ሌላ ምርጫ ስላልነበረ ታረደ፤ ሥጋው ለቅርጫ ሆነ። ባለቤቱ «በሬዬን ደብድቦ ገደል ከተተብኝ» ብለው ለሽማግሌዎች ተናገሩ። ቀጠሮ ተያዘ። ቀጠሮው ሲደርስ ግን የተማሪዬ አማት ሞተው፣ ከነቤተሰባቸው ሁለት ቀን የሚያስኬድ አገር ለለቅሶ መሄድ ግድ ሆነባቸው። ከመሄዳቸው በፊት ቃላቸውን በወረቀት ጽፈው ለገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ሰጡ። በዕድሜያቸው የራሳቸውን ቃል በራሳቸው እጅ ሲጽፉ ያን ጊዜ የመጀመሪያቸው ነበር። ወረቀቱ እንዲህ ይል ነበር፦

«ጧት ወጣን። ጠመድን። ቡሬ ይመታ ነበር። ሲመታ ገፋው። ወደቀ። ብጮህ አልሰማኝም። እግሩ ተሰበረ። እኔ ጥፋት የለኝም።»

ጸሐፊው ተነሥቶ ጮክ ብሎ አነበበ። «ቡሬ ይመታ ነበር» ላይ ሲደርስ ቃሉን አጥብቆ አነበበው። በዋርካው ሥር የተቀመጠው ሰው ሁሉ አጉረመረመ። «ይኸው! በሬው ይመታ ነበር ብሎ ራሱ አመነ!» አሉ ባለበሬው። አንዱ ሽማግሌ ደግሞ «‹ወጣን› ይላል፤ ልጁም አብሮ ነበረ ማለት ነው። ‹ገፋው› ያለውስ ማንን ነው? ልጁ ነው የገፋው» አሉ። እንግዲህ ተመልከቱ። አባትየው ደብዳቢ፣ ልጁ ገፊ ሆኖ ቁጭ አለ። ወረቀቱን የጻፉት ሰው ይህን ሁሉ ሊሉ አልፈለጉም ነበር። ግን በቦታው የሉም፤ ያለው ወረቀቱ ብቻ ነው። ደግነቱ ትልቁ ሽማግሌ «ሰውየው ይምጣና ከራሱ አፍ እንስማ» ብለው ቀጠሮውን በሳምንት አራዘሙት።

ተማሪዬ ከለቅሶ ሲመለሱ የሆነውን ሰምተው በቀጥታ ወደ እኔ መጡ። «መምህር፣ ጽሕፈት የሚባለው ነገር ጠላቴ ሆነ» አሉኝ። እኔም የወረቀቱን ግልባጭ ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት። ማታ በፋኖስ ሁላችንም አየነው።

የመጀመሪያው ጣጣ «ይመታ» የምትለው ቃል ነበረች። ይህች ቃል ሁለት ናት። ላልታ ስትነገር መቺው ቡሬ ራሱ ነው፤ በቀንዱ ይማታል ማለት ነው። ጠብቃ ስትነገር ግን ቡሬ ተመቺ ይሆናል፤ ሌላ ሰው ይመታዋል። ስንናገር አንሳሳትም፤ ምላሳችን ለይቶ ያውቀዋል። ፊደላችን ግን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም። «ዶሮው ይበላል» ብለን ብንጽፍ ዶሮው ጥሬ እየለቀመ ነው ወይስ ወጥ ሆኗል? ከጽሑፉ ብቻ አይታወቅም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ አንድ ቃል መጨመር። «ቡሬ ዳለቻን በቀንዱ ይመታ ነበር» ቢባል ኖሮ ማንም አጥብቆ አያነበውም ነበር።

ሁለተኛው ጣጣ «ገፋው» ነው። የአማርኛ ግሥ አድራጊውንም ተደራጊውንም በሆዱ ይዞ ይሄዳል። «ገፋው» ስንል ገፊም ተገፊም አንዲት ቃል ውስጥ ተሸሽገዋል። በታሪኩ ውስጥ ያለው አንድ ብቻ ሲሆን ይህ ችግር አያመጣም። ሁለት በሬ፣ አባት፣ ልጅና ጎረቤት ባሉበት ታሪክ ግን ማን ማንን እንደ ገፋ በስም መጥራት ያስፈልጋል። «ብጮህ አልሰማኝም» የሚለውም እንዲሁ ነው። ያልሰማው በሬው ነው? ልጁ ነው? ስንጠይቃቸው «አይደለም፤ ጎረቤቴ ነው። ከማዶ ጉብታ ላይ ነበር» አሉን። ጎረቤታቸውን ለርዳታ እንደ ተጣሩ ከዚያ ወረቀት ማን ሊያውቅ ይችላል?

በታሪክ ውስጥ ያሉትን ሰዎች፣ እንስሳም ቢሆኑ፣ የሥነ ጽሑፍ አስተማሪዎች ገጸ ባሕርያት ይሏቸዋል። ገጸ ባሕርይን ማስተዋወቅ ማለት መልኩን ከራስ ጠጕር እስከ እግር ጥፍር መዘርዘር አይደለም። ለታሪኩ የሚያስፈልገውን ነገር መናገር ነው። የቡሬ ቀለም ለታሪኩ ምንም አያደርግም። የመዋጋት ዐመሉ ግን ያስፈልጋል።

ሦስተኛውን የጠየቀችው ከተማሪዎቹ አንዲት እናት ነበረች። «መሬቱ ደረቅ ነበር ወይስ ጭቃ?» አለች። ሰውየው «ሌሊቱን ዘንቦ አድሮ ነበር እኮ! ጭቃው እኛንም ያንሸራትተን ነበር» አሉ። «ታዲያ ለምን አልጻፉትም?» «ሰኔ ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል ብዬ ነዋ!» አያችሁ? እኛ ስለምናውቀው አንባቢውም የሚያውቀው ይመስለናል። ታሪኩ መቼና የት እንደ ሆነ መናገር መቼት ይባላል። ቃሉ «መቼ» እና «የት» ከሚሉት ሁለት ቃላት ተጋብቶ የተሠራ ነው፤ ለማስታወስም አያስቸግርም። መቼት ለጌጥ የሚጨመር አይደለም። በዚህ ታሪክ የሌሊቱ ዝናብ፣ ከማሳው በታች ያለው ቦረቦርና የሚጮኸው ወንዝ ባይነገሩ በሬው ለምን እንደ ወደቀና ጎረቤቱ ለምን እንዳልሰማ አይታወቅም።

ቀጥሎ የሚመጣው ግጭት ነው። ግጭት ሲባል ዱላ መማዘዝ ብቻ አይምሰላችሁ። አንድ ሰው የሚፈልገው ነገር አለ፤ ያን እንዳያገኝ የሚከለክለው ደግሞ ይመጣል። ከዚህ ታሪክ ይወለዳል። «ጧት ወጣሁ፣ አረስኩ፣ ገባሁ» ብቻ ቢባል ማንም «ከዚያስ?» አይልም። ትልልቆቹ መጻሕፍትም የሚሠሩት በዚሁ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን ፍቅር እስከ መቃብርን ውሰዱ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ማንበብ የማይችለውም ሰው አዳምጦታል። በዛብህ ከድሀ ቤት የተወለደ፣ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደገ ነው። ሰብለ ወንጌል የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት። ሁለቱ ይፋቀራሉ፤ የአባቷ የዘር ኩራት መካከላቸው ይገተራል። ፊታውራሪው ከባላገሩም ከልማድ በላይ ሲጠይቁ ባላገሩ አንሰጥም ብሎ ይነሣል። አንባቢ እነዚያን ሁሉ ገጾች እንዲገልጥ የሚያደርገው «እንግዲህ ምን ይመጣ ይሆን?» የሚለው ሐሳብ ነው።

ያ መጽሐፍ ልብ ወለድ ነው። ልብ ወለድ ማለት ሰው ከልቡ አፍልቆ የፈጠረው ታሪክ ማለት ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ልብ ወለድ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ ሲሆን ሮም ላይ በ1900 ዓ.ም. ታትሟል። ስሙም ልብ ወለድ ታሪክ ነበር፤ በኋላ ጦቢያ ተብሎ ታወቀ። እኛ እዚህ የምንማረው የሆነውን ነገር መጻፍ ነው። መሣሪያው ግን አንድ ነው። በአንድ ሞፈር ጤፍም ስንዴም ይታረስ የለም?

ወደ ማታው ትምህርታችን እንመለስ። ሰውየው የሆነውን ሁሉ በቃል ሲነግሩን እኔ ጥያቄ እየጠየቅሁ ነበር። «ቡሬ በየት በኩል ነበር የተጠመደው?» አልኳቸው። «በቦረቦሩ በኩል» አሉ። «ዳለቻስ?» «በላይ በኩል።» «ከወዲያኛው ጫፍ ቢጀምሩ ኖሮስ?» ዝም አሉ። ክፍሉም ዝም አለ፤ ሁሉም ገበሬ ነው፤ የሁሉም ልብ ያውቀዋል። ከወዲያ ጫፍ ቢጀመር በቦረቦሩ በኩል የሚውለው ዳለቻ ነበር። ሰውየው እርሳሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ብዙ ቆይተው «ዳለቻ የኔ ነዋ» አሉ።

እኔ ጻፉት አላልኳቸውም፤ ተዉትም አላልኩም። ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ፤ ምን እንደሚባልም አላወቅሁም።

በማግሥቱ አዲሱን ወረቀት ይዘው መጡ። ያንን ሌሊት አልተኙም መሰለኝ። እንዲህ ይላል፦

«ሰኔ 9 ቀን 1975 ዓ.ም. ተራው የእኔ ነበር። እኔና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ዳለቻንና ቡሬን ነድተን ከወንዝ ማዶ ወዳለው የጤፍ ማሳዬ ሄድን። ሌሊቱን ዘንቦ ስለ ነበር መሬቱ ያንሸራትት ነበር። ከማሳው በታች ቦረቦር አለ። ቡሬን በቦረቦሩ በኩል፣ ዳለቻን በላይ በኩል አድርጌ ማረስ ጀመርኩ። ከወዲያ ጫፍ መጀመር እችል ነበር። ዳለቻ የእኔ ስለሆነ ፈራሁለት። የመጀመሪያውን ትልም ሳልጨርስ ቡሬ ዞሮ ዳለቻን በቀንዱ መታው። ቡሬ ይህ ዐመል እንዳለው ጎረቤቴም ያውቃል። ዳለቻም ቡሬን መልሶ ገፋው። ልጄ ‹አባዬ፣ ቡሬ ሊወድቅ ነው!› አለኝ። እርፉን ለቅቄ ወደ ፊት ሮጥኩ። ሳልደርስ የቀንበሩ ማነቆ ተሰበረና ቡሬ ቦረቦር ውስጥ ወደቀ። ጎረቤቴ ከማዶ ጉብታ ላይ ነበር፤ ብጣራ ከወንዙ ጩኸት የተነሣ አልሰማኝም። ወርጄ ሳየው የቡሬ የፊት እግር ተሰብሯል። ጅራፍ ይዤ ነበር፤ ቡሬን ግን አልመታሁትም።»

ከፊተኛው ጋር አስተያዩት። ማን እንደ ነበረ፣ መቼና የት እንደ ሆነ አለ። ነገሩ የሚከፋበት ቦታ አለ፤ ትንፋሽ የሚያስይዘው ልጁ ሲጮህ ነው። የልጁ ቃል በትእምርተ ጥቅስ ተከቧል። ይህን ምልክት አትናቁት። አማርኛ የሰውን ቃል እንዳለ መጥቀስ ይወዳል። «በሬዬ ሞተ አለኝ» ተብሎ ያለ ምልክት ቢጻፍ የሞተው የማን በሬ ነው? «በሬዬ ሞተ» አለኝ ሲባል ግን የሞተው የተናጋሪው በሬ መሆኑ ይለያል።

ቅደም ተከተሉንም ተመልከቱ። ስንናገር «ተነሥቼ፣ ቁርሴን በልቼ፣ ሞፈሬን ተሸክሜ፣ በሬዎቹን ነድቼ፣ ወንዙን ተሻግሬ» እያልን አንድ ጋት ሙሉ እንቀጥላለን። አፍ ሲናገር ያምራል። ወረቀት ላይ ግን አንባቢው መተንፈሻ ያጣል። አንድ ነገር ሲያልቅ አራት ነጥብ ማድረግ፣ ከዚያ ሌላውን መጀመር ነው። የማያስፈልገውንም መተው ነው። ሰውየው በቃል ሲነግሩን ስለ ቁርሳቸው፣ መንገድ ላይ ስላገኙት ነጋዴ፣ ስለ ልጃቸው ጉንፋን አውርተውን ነበር። ወረቀቱ ላይ አንዱም የለም። ማንም ተዉት አላላቸውም፤ ራሳቸው ነው የተዉት።

በሁለተኛው ቀጠሮ ሰውየው ራሳቸው ተገኙ። ግን አልተናገሩም፤ ወረቀቱን አነበቡ። «ዳለቻ የእኔ ስለሆነ ፈራሁለት» ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ቀነሰ። ባለበሬው «እስቲ እዚያ ላይ ድገመው» አሉ። ደገሙት። ባለበሬው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው «ይህን ባይጽፍ ማን ያውቅበት ነበር?» አሉና ተቀመጡ።

ሽማግሌዎቹ ድብደባ እንዳልነበረ ተቀበሉ። ቡሬ በክፉው በኩል ስለ ተጠመደ ግን ተማሪዬ የበሬውን ግማሽ ዋጋ በሁለት መኸር እንዲከፍሉ፣ ሁለቱም ሰዎች አንድ በሬ ያለው ሦስተኛ ሰው ፈልገው መቀናጆውን እንዲቀጥሉ ፈረዱ። ሦስተኛውን ሰው ለማግኘት አሥር ቀን ፈጀ። የጤፉ እርሻ ዘግይቶ ነበር፤ ግን ደረሰ።

መስከረም ላይ ባለበሬውም ትምህርት ቤት ገቡ። ፊደል ለመለየት ወራት ፈጀባቸው። መጻፍ ሲጀምሩ ምን ይጽፋሉ ብለን ስንጠብቅ ስለ ቡሬ ጻፉ። የእሳቸው ታሪክ በዚያች ሰኔ አይጀምርም። የሚጀምረው ሲጋቡ አባታቸው ከሰጧቸው ጊደር ነው። ጊደሯ ወለደች፤ ጥጃው በድርቅ ዓመት ቤት ውስጥ በእጅ እየተመገበ አደገ፤ ሲጠመድ የመጀመሪያውን ቀን ቀንበር ጥሎ ሮጠ፤ ልጆቹ ሳቁ። ያው በሬ፣ ያው ሞት ነው፤ ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ታሪክን ማን እንደሚተርከው፣ በማን ዐይን እንደሚታይ፣ ይህን አንጻር ይሉታል። ለአንዱ ነገሩ የአንድ ጧት ጉዳይ ነው፤ ለሌላው ደግሞ የዘጠኝ ዓመት።

ደብተራቸው ውስጥ ሦስት ገጽ ሙሉ ስለ ጥጃው ነው። ስለ አወዳደቁ ያለው ሁለት መስመር ብቻ ነው፦ «እንዴት እንደ ወደቀ እኔ አላየሁም። የጎረቤቴን ወረቀት አንብቡ።»